የጎደለው የበር ፓኔል፦ በስልክ ካሜራ ስካንና በአነስተኛ ሲ.ኤን.ሲ ማሽን የተሠራ አንድ ሥራ

የጉዳዩ መነሻ

በአዲስ አበባ መሐል ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች መካከል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጺዎች ጋር እጃቸውን ያሳረፉባቸው አሉ። የበረንዳቸው ጥልፍ መሰል የእንጨት ሥራ፣ የመስኮታቸው ክፈፍና የበራቸው ቅርጽ ዛሬ ከገበያ ተገዝቶ የሚተካ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የሚገኝ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ነው። በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ሁለት ሁለት የተቀረጹ ፓኔሎች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው በመዝጊያው ወገብ ላይ። በጊዜ ብዛት የቀኝ መዝጊያው የወገብ ፓኔል ጠፍቶ በቦታው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ተመትቶበታል።

የቤቱ ባለቤቶች በሩን ወደ አንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ የወሰዱት ስለ ፓኔሉ ብለው አልነበረም። የሁለቱም መዝጊያዎች የታችኛው አግዳሚ በዝናብ ውኃ በስብሶ ስለነበር እሱን ለማስቀየር ነበር። መዝጊያው ተፈቶ የግራው ፓኔል ሳይሰበር ከቦዩ ሲወጣ ግን፣ የጎደለውን ከእርሱ መቅዳት ይቻል እንደሆነ ጥያቄ ተነሣ። ፓኔሉ 250 ሚ.ሜ ቁመት፣ 160 ሚ.ሜ ወርድ ያለው ሲሆን፣ ቅጠልና አበባ የተጠማዘዘበት ሐረግ ተቀርጾበታል። ከቅርጹ ጫፍ እስከ መደቡ ያለው ጥልቀት 14 ሚ.ሜ ያህል ነው። እኔ በሥራው የተሳተፍኩት በፋይል ዝግጅቱ በኩል ሲሆን፣ የእንጨቱን ሥራ የመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ወጣት፣ ሌላው ደግሞ ዕድሜ ጠገብ አናጺ።

የነበረው መሣሪያ

ወርክሾፑ የነበረው ሲ.ኤን.ሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን፣ በትርፍ ጊዜያቸው ለራሳቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ 3018 በመባል የሚታወቀው ዓይነት ነው። ስያሜው የሥራ ስፋቱን ይገልጻል፤ 300 በ180 ሚ.ሜ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት 45 ሚ.ሜ ያህል ነው። መቁረጫውን የሚያሽከረክረው አነስተኛ 775 ሞተር ነው፤ ግንዱ 3.175 ሚ.ሜ የሆነ መቁረጫ ይይዛል። የሚመራው ግርብል በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ይህ ሶፍትዌር እንደ አርዱዊኖ ኡኖ ባለ ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ነው። ማሽኑ ሦስት አቅጣጫ ብቻ ያውቃል፤ መቁረጫው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አያጋድልም።

የስካን መሣሪያ በወርክሾፑ አልነበረም። የነበሩት አንድ መካከለኛ ስልክ፣ አንድ ካሊፐር (ውፍረትና ጥልቀት የሚለካ የእጅ መሣሪያ) እና በማሽኑ ላይ ሊገጠም የሚችል ርካሽ ፕሮብ፣ ማለትም በመንካት የሚለካ መሣሪያ ናቸው። ፕሮቡ ጫፉ ላይ 2 ሚ.ሜ ዲያሜትር ያለው ኳስ አለው፤ ኳሱ አንድ ነገር ሲነካ በውስጡ ያለው ማብሪያ ተከፍቶ ማሽኑ ባለበት እንዲቆምና ከፍታውን እንዲመዘግብ ያደርጋል። በግርብል ይህን የሚያዝዘው ጂ38.2 የተባለው ትእዛዝ ነው።

ችግሩ ምን ነበር?

ላይ ላዩን ሲታይ ችግሩ አንድ ነበር፤ የግራውን ፓኔል ስካን አድርጎ፣ እንደ መስታወት ምስል ገልብጦ፣ መቁረጥ። ሲቀረቡት ግን ብዙ ነበር። ፓኔሉ በተለያየ ዘመን በዘይት ቀለም ተደጋግሞ ስለተቀባ ያብለጨልጫል፤ ቀለሙም የቅርጹን ጥጋጥግ ሞልቶታል። የቅጠሎቹ ጠርዝ ጥላ እንዲጥል ከሥሩ ተፈልፍሏል፤ ይህን ደግሞ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማሽን ሊደርስበት አይችልም። ከዚህም በላይ ፓኔሉ ከፍሬሙ ቦይ ጋር መግጠም ስላለበት፣ ለዓይን የሚበቃ መመሳሰል ብቻውን አይበቃም ነበር።

ሥራው ሲጀመር ውይይቱ በሙሉ ያተኮረው በስካኑ ጥራት ላይ ነበር፤ የትኛው ስልክ፣ የትኛው ሶፍትዌር፣ የሞዴሉ ገጽ ከስንት ሚሊዮን ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን ይሠራ። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት የመጨረሻው መቁረጫ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነው። የማጠናቀቂያው መቁረጫ ጫፈ ክብና 2 ሚ.ሜ ዲያሜትር ያለው ከሆነ፣ ከ1 ሚ.ሜ ሬዲየስ የጠበበ ማንኛውም ውስጣዊ ጥግ በስካኑ ላይ የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ በእንጨቱ ላይ አይወጣም። ይህ ጥያቄ ሲመለስ የስካኑ ጥራት ምን ያህል መሆን እንዳለበት በራሱ ይወሰናል።

ፕሮቡ ብቻውን ለምን አልተመረጠም

ፓኔሉ ከፍሬሙ ስለወጣ በማሽኑ አልጋ ላይ አስተኝቶ በፕሮብ ነጥብ በነጥብ መለካት ይቻል ነበር። ይህ ዘዴ ብልጭልጭ ቀለም አያሳስበውም፣ ልኩም ከራሱ ከማሽኑ የሚመነጭ ስለሆነ የመጠን ጥያቄ አይነሣበትም። ሌላም ውበት አለው፤ የፕሮቡ ኳስና የመቁረጫው ጫፍ እኩል ሬዲየስ ካላቸው፣ ፕሮቡ የቆመባቸውን ነጥቦች መቁረጫው እንዳሉ ቢከተል ያለ ምንም ተጨማሪ ስሌት ያንኑ ገጽ ያወጣል። ኳሱ የማይገባበት ጠባብ ቦታ መቁረጫውም አይገባበትምና የሚቀር ነገር የለም። አንድን ቅርጽ እየዳሰሱ በሌላ ላይ የሚቀርጹት የድሮዎቹ ቀጂ ማሽኖች (ፍሬዛዎች) በዚሁ መርሕ ነበር የሚሠሩት።

እንቅፋቱ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ንኪ ከነመነሣቱና መሄዱ በአማካይ 3 ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ በየ1 ሚ.ሜ የሚለካ 250 በ160 ሚ.ሜ ገጽ 40,411 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም 33 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ለቅጠሉ ደም ሥር የሚያስፈልገውን የ0.5 ሚ.ሜ ርቀት ከመረጥን ነጥቡ ወደ 160,821 ያድጋል፤ ሰዓቱም 134 ይደርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን ያህል ሰዓት ያለማቋረጥ መለካት የሚታሰብ አይደለም። በየ5 ሚ.ሜ ከሆነ ግን ነጥቡ 1,683 ብቻ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በኋላ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

የፎቶው ስካን

የተመረጠው ዘዴ ፎቶግራሜትሪ ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ አንሥቶ፣ ሶፍትዌሩ በፎቶዎቹ መካከል የሚመሳሰሉ ነጥቦችን አገናኝቶ ቅርጹን እንዲያሰላ ማድረግ። ለዚህ ሜሽሩም የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አገልግሏል። የወርክሾፑ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩ ለዝርዝር ስሌቱ የሚፈልገው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ስላልነበረው፣ ስሌቱ በሌላ ኮምፒውተር ተሠርቷል። ከዚያ በፊት ላይዳር (በብርሃን ጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ባለው አይፎን ፓኔሉ ተሞክሮ ነበር። የዚያ መሣሪያ የጥልቀት ምስል ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ክፍት የሚሆነው በ256 በ192 ነጥብ ነው፤ ለክፍል ልኬት ይበቃል፣ ለአበባ ቅጠል ግን አይበቃም። አበባዎቹ እንደ ቀለጠ ሻማ ሆነው ስለወጡ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

የዘይት ቀለሙ ብልጭታ ሶፍትዌሩን አሳስቶታል። ነጸብራቁ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል፤ ሶፍትዌሩም ነጸብራቁን የገጹ አካል አድርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ የሕፃናት ፓውደር ተነሰነሰበት። ብልጭታው ጠፋ፤ ነገር ግን ገጹ በሙሉ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ምልክት አጣ፤ ሞዴሉም ተበጣጥሶ ወጣ። መፍትሔው የመጣው ከአናጺው ነው። የከሰል ብናኝ በወንፊት ከላይ ረጨት ሲደረግበት በነጩ ላይ ሥርዓት የለሽ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተበተኑ፤ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ድብልቁ በቀለሙ ላይ እንደማይቀር አስቀድሞ በፓኔሉ ጀርባ በኩል ተፈትኖ፣ ከሥራው በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል። ጨርቅ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የዚያ ዘመን የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው።

ፎቶዎቹ የተነሡት በደመናማ ሰዓት በጥላ ሥር፣ የስልኩ ትኩረትና የብርሃን መጠን ተቆልፎ ነው። ከፓኔሉ ጎን ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው የብረት ማስመሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውፍረቱ በካሊፐር የተለካና በእርሳስ የተጫጫረ የኤም.ዲ.ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ቁራጭ ነው። ፎቶግራሜትሪ ቅርጽን እንጂ መጠንን አያውቅም፤ መጠኑ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል። ማስመሪያው የወርድና የቁመቱን፣ ቁራጩ ደግሞ የጥልቀቱን መጠን ለማረጋገጥ አገልግለዋል።

ሆዱን የነፋው ሞዴል

የወጣው ሞዴል ሲታይ ያማረ ነበር። ደም ሥሮቹ፣ የመሮው ዱካ፣ የተላጠው ቀለም ጠርዝ ሳይቀር ይታያሉ። ወርዱና ቁመቱ ከካሊፐሩ ጋር ተስማምቷል። ይሁን እንጂ ሞዴሉ በወርዱ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ፣ መሐሉ ከዳር ዳሩ 2.5 ሚ.ሜ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። የመጀመሪያው ግምት እንጨቱ በዘመን ብዛት ቆልምሟል የሚል ነበር፤ ለአሮጌ ጣውላ የማይሆን ነገር አይደለም። ቀጥ ያለ ብረት በፓኔሉ ከፍ ያለ ክፈፍ ላይ ሲጋደም ግን እውነተኛው ጉብጠት ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንደማይበልጥ ታየ። ስለዚህ የቀረው 2 ሚ.ሜ የስካኑ ፈጠራ ነው።

ምክንያቱ በዘርፉ የታወቀ ነው። ፎቶዎቹ በሙሉ ከፓኔሉ ጋር ቀጥ ብለው፣ ጎን ለጎን እየተሄደ የተነሡ ነበሩ። ካሜራው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲያይ፣ ሶፍትዌሩ የምስሉ መታጠፍ ከሌንሱ ይምጣ ከገጹ ይምጣ የሚለይበት መረጃ የለውም፤ የሌንሱን ጥቂት ስሕተት ወስዶ በገጹ ላይ ጉብታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህ ስሕተት ዝርዝሩን አይነካም። ቅጠሉ ቅጠል፣ አበባው አበባ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያጋድለው ሁሉንም የተሸከመው መደብ ብቻ ነው። በስክሪን ላይ ዓይን ያለ ማስመሪያ የማይይዘውም ለዚህ ነው።

ፎቶው እንደገና ሲነሣ ቀጥተኛዎቹ ላይ ከአራቱም ጎን ወደ መሐል ያጋደሉ ፎቶዎች ተጨመሩ፤ በከፊሉም ስልኩ ሩብ ዙር ተዘዋውሮ ተይዟል። ጉብታው በእጅጉ ቀነሰ፤ ሆኖም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ትርፍ ቀረ። ለጌጥ ሥራ ይህ በቂ ነበር። ለዚህ በር ግን የፓኔሉ ክፈፍ ከፍሬሙ ጋር እኩል መዋል ነበረበት።

የሁለቱ ጥምረት

እዚህ ላይ ነው 1,683ቱ ነጥቦች የገቡት። ፓኔሉ በማሽኑ አልጋ ላይ ተስተካክሎ ታሥሮ፣ በፕሮቡ በየ5 ሚ.ሜ ተለካ። ይህ ልኬት ቅጠል ከአበባ አይለይም፤ ስለ ገጹ አጠቃላይ ቅርጽ ግን ከፎቶው የበለጠ ይታመናል። የፎቶው ሞዴል በተቃራኒው ዝርዝሩ የሚታመን፣ አጠቃላዩ የሚጠረጠር ነው። የአንዱ ድካም የሌላው ብርታት ስለሆነ ሁለቱን ማዋሐድ ተገቢ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፎቶው ሞዴል በመጀመሪያ ወደ ከፍታ ካርታ ተለወጠ፤ ማለትም በእያንዳንዱ የ0.2 ሚ.ሜ ካሬ ላይ አንድ የከፍታ ቁጥር ብቻ የያዘ ሰንጠረዥ ሆነ። ሦስት የክፈፉ ጥጎች በሁለቱም ልኬቶች ላይ ተለይተው ካርታውና የፕሮቡ ነጥቦች ተገጣጠሙ። ከዚያ በእያንዳንዱ የፕሮብ ነጥብ ላይ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት ተሰላ። ከልዩነቶቹ አንድ ለስላሳ ገጽ በአጭር የፓይተን ፕሮግራም ተሠርቶ ከካርታው ላይ ተቀነሰ። ጉብታው ከነትርፉ ሄደ፤ ደም ሥሮቹ እንዳሉ ቀሩ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ፕሮቡ ኳስ እንጂ መርፌ አይደለም። በገደላማ ቦታ ላይ ሲወርድ የኳሱ ጎን ከጫፉ ቀድሞ ይነካል፤ ስለዚህ የሚመዘግበው ከፍታ ከእውነተኛው ይበልጣል። ማስተካከያው በሁሉም ነጥቦች ላይ ቢመሠረት ይህ ስሕተት ወደ ሞዴሉ ይገባ ነበር። በመሆኑም ለስሌቱ የተወሰዱት በመደቡ፣ በክፈፉና በሰፊዎቹ ቅጠሎች አናት ላይ የዋሉት፣ በዙሪያቸው ያለው ገጽ ዝርግ የሆነ ነጥቦች ብቻ ናቸው።

ከሞዴል ወደ መቁረጫ

ፓኔሉ ለቀኝ መዝጊያ ስለሆነ ካርታው እንደ መስታወት ተገለበጠ። በከፍታ ካርታ ላይ ይህ በእያንዳንዱ ረድፍ ያሉትን ቁጥሮች ቅደም ተከተል መገልበጥ ብቻ ነው። በሦስት ማዕዘን ሞዴል ላይ ቢሠራ ኖሮ መገልበጡ የገጹን ውስጥና ውጭ ስለሚያቀያይር፣ ሜሽላብ ወይም ብሌንደር በተባሉት የሞዴል ማረሚያ ሶፍትዌሮች መልሶ ማዞር ግድ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚቀመጥበት የኤስ.ቲ.ኤል ፋይል የልክ መለኪያ ስለማይጽፍም አንዳንድ ሶፍትዌር ሚሊ ሜትሩን እንደ ኢንች አንብቦ 25.4 ጊዜ ያገዝፈዋል፤ ይህ ግን ወዲያው ስለሚታይ ብዙ አያስቸግርም።

ሳይታይ የሚያልፈው ሌላ ነው። ካርታው መጀመሪያ የተቀመጠው በተለመደው ባለ 8 ቢት ግራጫ ምስል ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ምስል 256 የከፍታ ደረጃ ብቻ ይይዛል። 14 ሚ.ሜ ለ256 ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ ከ0.05 ሚ.ሜ በላይ ይሆናል። በቁልቁለቱ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ቀስ ብሎ በሚያጋድለው መደብ ላይ ግን በሙከራው ቁራጭ ላይ እንደ እርከን ያሉ ስስ መስመሮች ተከታትለው ወጡ። ካርታው ከ65 ሺህ በላይ ደረጃ በሚይዘው ባለ 16 ቢት ምስል እንደገና ሲቀመጥ እርከኑ ጠፋ።

የመቁረጫው መስመሮች ምን ያህል ይቀራረቡ የሚለው ሌላው ውሳኔ ነበር። ጫፈ ክብ መቁረጫ በሁለት መስመር መካከል ትንሽ ሸንተረር ትቶ ያልፋል። ለ2 ሚ.ሜ መቁረጫ መስመሮቹ በ0.2 ሚ.ሜ ቢራራቁ የሸንተረሩ ከፍታ 0.005 ሚ.ሜ ነው፤ በ0.4 ቢራራቁ 0.02 ይሆናል። ወጣቱ የመጀመሪያውን ሲመርጥ አናጺው የሙከራውን ቁራጭ በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ «ይህን እኮ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ቢያልፍበት ይበቃዋል» አለው። ትክክል ነበር። በ0.4 ሚ.ሜ መስመሮቹ 400 ይሆናሉ፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው 100 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 600 ሚ.ሜ ፍጥነት ሦስት ሰዓት አይሞላም። በ0.2 ሚ.ሜ ግን እጥፉን ይፈጃል፤ ከሚገኘው ልስላሴ አብዛኛውን ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱ ይበላዋል።

ቆረጣው

እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ከበሩ ከራሱ ጋር አንድ ዓይነት። ሳይጠነክር የሚቀረጽ፣ ለአነስተኛ ሞተርም የማይከብድ እንጨት ነው። ጣውላው በወርክሾፑ ውስጥ ቆይቶ የደረቀ ሲሆን፣ የእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ እንደ ቀድሞው ፓኔል ከታች ወደ ላይ ተደርጓል። ጣውላው ከፓኔሉ ረዘም ተደርጎ ተዘጋጅቶ፣ በኋላ በሚቆረጠው ትርፍ ጫፍ በኩል በብሎን ከማሽኑ አልጋ ጋር ታሠረ፤ በወርዱ በኩል 20 ሚ.ሜ ብቻ ስለሚተርፍ ማሠሪያ ለማስቀመጥ ቦታ አልነበረም። መጀመሪያ በጫፈ ጠፍጣፋ መቁረጫ ትርፉ እንጨት በየ1 ሚ.ሜ ጥልቀት ተነሣ፤ ለማጠናቀቂያው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሥጋ ተተወ።

ከእንጨቱ ይልቅ ያስቸገረው መብራቱ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሞተራቸውን ቦታ መልሰው አያነቡም፤ ኃይል ሲቋረጥ የት እንደቆሙ አያውቁም። ግርብል የሥራውን መነሻ ነጥብ በማስታወሻው ቢያስቀምጥም፣ ያ ነጥብ የሚቆጠረው ከማሽኑ ዜሮ ስለሆነ ዜሮውን የሚያሳይ የወሰን ማብሪያ በሌለበት ማሽን ላይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ሥራውን መቀጠሉም እውነተኛውን ሁኔታ ይሸፍናል።

የተወሰደው እርምጃ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በጣውላው ትርፍ ጫፎች ላይ ሁለት ቀዳዳዎች በዚያው ማሽን ተበሱ፤ ኃይል ሲመለስ በመቁረጫው ቦታ ቀጥ ያለ ሽቦ ታሥሮ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ እስኪገባ ድረስ ማሽኑ በእጅ ይመራል፤ መነሻው እንዲህ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የማጠናቀቂያው ጂኮድ (ማሽኑ የሚከተለው የትእዛዝ ዝርዝር) በአንድ ፋይል ፈንታ በ40 ሚ.ሜ ቁራጮች ተከፋፈለ፤ ስለዚህ ሥራው ቢቋረጥ የሚደገመው አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። መብራቱ በእርግጥም በማጠናቀቂያው መሐል ጠፋ፤ የተደገመው ቁራጭ ከቀደመው ጋር ሲገናኝ በጣት የሚዳሰስ ስስ መስመር ትቷል፤ መስመሩ በመሮ ተነሥቷል። ወርክሾፑ ከዚያ በኋላ በማሽኑ ላይ የወሰን ማብሪያ አስገጥሟል፤ በእኔ እይታ ለዚህ ማሽን ከሚደረግ ወጪ ሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበት ይህ ነው።

ለእጅ የተተወው

የከፍታ ካርታ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ከቅጠሎቹ ሥር የተፈለፈለው ሁሉ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ተሞልቷል። ይህ ጉድለት አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር አላስደነገጠም። አናጺው በጎባጣ መሮ ከሥር ፈለፈለው። የቀለሙ ድርብርብ የሞላቸውን ጥጋጥጎችና የደነዙትን የደም ሥር ጠርዞችም እርሱ ነው ጥርት አድርጎ ያወጣቸው፤ ስካኑ የቀዳው የቀለሙን ገጽ እንጂ የእንጨቱን አልነበረምና። ለዚህም ሲባል በደም ሥሮቹ ላይ ካርታው 0.4 ሚ.ሜ ከፍ ተደርጎ ነበር። ማሽኑ ቆርጦ ካጎደለው መሮ አይመልሰውም፤ የተረፈ ከሆነ ግን ይላጫል።

ሌላም ጉዳይ በእርሱ ተነሥቷል። ሁለቱ የላይኛ ፓኔሎች ጎን ለጎን ሲታዩ በትክክል የመስታወት ምስል አይደሉም፤ የሐረጉ ግንድ በአንዱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የቀድሞው ቀራጭ በእጁ ስለሠራው ነው። ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ ካርታውን እንደ ላይኛው ላስተካክለው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አናጺው በጠፋው ፓኔል ላይ ግንዱ የት እንደነበረ የሚያውቅ ስለሌለ ግምት እንዳይጨመር ከለከለ። አዲሱ ፓኔል ንጹሕ ግልብጥ ሆኖ ቀረ፤ በጀርባውም አዲስ መሆኑና የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል። ይህ ውሳኔ ያከራክራል፤ እኔ ከአናጺው ጋር ነኝ።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ከዚህ ሥራ ለሌሎች ይጠቅማል የምለው ዋነኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሥራው ከመቁረጫው መጀመር አለበት። የመቁረጫው ሬዲየስ የስካኑን ዝርዝር ይወስናል፤ ዝርዝሩም ዘዴውን ይወስናል። 1 ሚ.ሜ ሬዲየስ ላለው መቁረጫ በየ0.2 ሚ.ሜ የተለካ ካርታ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የጠራ ስካን ኮምፒውተሩን ከማድከም ያለፈ ጥቅም የለውም። ሥራው ትንሽ፣ ለምሳሌ 40 በ40 ሚ.ሜ የሆነ ጌጥ ቢሆን ኖሮ፣ በየ0.5 ሚ.ሜ 6,561 ነጥብ ብቻ ስለሚሆን ፕሮቡ ብቻውን በአምስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰው ነበር፤ ፎቶም ፓውደርም ባላስፈለገ።

ሁለተኛው፣ ወርድና ቁመት መስማማታቸው ጥልቀቱ ትክክል ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ዝርግ ነገር በፎቶ ስካን ሲደረግ ያጋደሉ ፎቶዎች መግባት አለባቸው፤ ሞዴሉም ከመቆረጡ በፊት ተቆርጦ ከጎን መታየትና ከቀጥተኛ ብረት ጋር መመሳከር አለበት። ጥቂት በሚታመን መንገድ የተለኩ ነጥቦች የብዙ ሺህ ያማሩ ነጥቦችን ስሕተት ያስተካክላሉ፤ የፕሮብ ማሽን የሌለው ሰው በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ ሃያ ያህል ነጥብ ለክቶ ይህንኑ በቀላሉ ሊሞክር ይችላል።

ከስካን የማይወሰዱ ልኮችም አሉ። የፓኔሉ ጠርዝ ወደ ፍሬሙ ቦይ የሚገባበት ውፍረትና ጠቅላላ ወርዱ ከሞዴሉ አልተወሰዱም፤ ቦዩ ራሱ በካሊፐር ተለክቶ፣ ጠርዙ በመጋዝና በመላጊያ ተሠርቷል። አሮጌው ፓኔል በወርዱ በኩል ስለ ጠበበ ስካኑን መከተል የጠበበውን መቅዳት ይሆን ነበር። አዲሱ ፓኔል ያለ ኮላ ወደ ቦዩ የገባ ሲሆን፣ በክረምት እርጥበት ሲያብጥ የሚሰፋበት በሁለቱም ጎን ጥቂት ክፍተት ተትቶለታል።

መዝጊያዎቹ ተመልሰው ከመገጣጠማቸው በፊት የቀሩት ሦስት ፓኔሎች በዚያው ከሰልና ፓውደር ዘዴ ፎቶ ተነሥተዋል። ከፍሬሙ የወጣው የግራው የወገብ ፓኔል የፕሮብ ልኬት ስላለው ካርታው የታረመ ነው። ሁለቱ የላይኛ ፓኔሎች ግን ከቦያቸው ስላልወጡ በካሊፐር በተለኩ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ተመሳክረዋል፤ ይህም በፋይሎቻቸው ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል።